የአባ ሰይድ የማር ጎድን

ወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ቢላ አለ። ስለቱ ከመሳል ብዛት የቀጠነ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመበት። ክሩ ድሮ ቀይ ነበር ብል ይሻላል፤ አሁን የከረመ በርበሬ መስሏል። ልጆቼ ሽንኩርት ሊከትፉ ሲያነሱት «ኧረ እሱን ተዉት!» እላለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቢላውን በያዝኩት ቁጥር የግራር ፍም ይሸተኛል። ማር ፍም ላይ ጠብ ሲል የሚያወጣው ያ ጣፋጭ ጭስ ይሸተኛል። ከዚያ ቆቦ ያለው ግቢያችን ይመጣብኛል፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ አባ ሰይድ።

የተወለድኩት ቆቦ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ እኔ ሆድ ውስጥ እያለሁ ነው የሞተው። እናቴ በአባ ሰይድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ዳቦ እየጋገረች አውቶቡስ ለሚጠብቁ መንገደኞች ትሸጥ ነበር። አባ ሰይድ የፍየል ነጋዴ ነበሩ። ከዞብል ተራራ ማዶ፣ አፋር ጠርዝ ድረስ ወርደው ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። ረጅም፣ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ ሰው። ባለቤታቸው እማ ዘሃራ ደግሞ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምረው የሚናገሩ ነበሩ። ግቢው አንድ፣ የውሃው እንስራ አንድ፣ ስሩ የምንጫወትበት ግራር አንድ ነበር። እኛ ልጆቹ በማሽላ እሸት ጊዜ ጥንቅሽ አገዳ አንድ ላይ እንቆርጣለን፣ አንድ ላይ እንመጠምጣለን፣ ከንፈራችን ሲቆረጥ አንድ ላይ እንላቀሳለን። ሥጋ ብቻ ነበር ሁለት።

ለአገሬ ሰው ይህን ማስረዳት ባያስፈልግም፣ ሩቅ ያላችሁ እንዳትደናገሩ ልንገራችሁ። እኛ ክርስቲያኖቹ በስላሴ ስም የታረደ እንበላለን፤ እነሱ በቢስሚላህ የታረደ። አንዱ የሌላውን አይቀምስም። ይህ ደግሞ ጠብ አልነበረም። ሠርግ ሲሆን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ ይኖራል፤ ዘፈኑና ለቅሶው ግን አንድ ነው። የጎረቤቱን ሥጋ የማይነካ ሰው የጎረቤቱን ሬሳ ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄድ ነበር። እኔ በዚህ ውስጥ ስላደግኩ ሌላ ዓይነት ኑሮ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ችግሩ የአባ ሰይድ ጎድን ነበር። በአረፋ በዓል እኚያ ቀስ ባይ ሰው እጅጌያቸውን ሰብስበው ግራሩ ስር ይቀመጡና ራሳቸው ያበስላሉ። ሙያውን የለመዱት በፍየል ንግዱ መንገድ ላይ ነው። ሴት በሌለበት በረሃ ወንድ ካላበሰለ ጦሙን ያድራል። መንደሩ መጀመሪያ ጉድ ብሎ ነበር አሉ፤ «ሰይድ ማጀት ገባ» እየተባሉ ተቀልዶባቸዋል። እሳቸው ግን «ማጀት የት አለ፣ ሜዳ ላይ አይደል ያለሁት» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የሙክቱን ጎድን ከነአጥንቱ በሽንኩርትና በዝንጅብል፣ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ በታሸገ ድስት ያፈሉታል። ሥጋው ከአጥንቱ ሊለቅ ሲደርስ አውጥተው የሽቦ ፍርግርግ ላይ ያጋድሙታል። ከዚያ ነው ማሩ የሚመጣው። የዞብል ማር፣ ቅቤ፣ ድልህና የሎሚ ጭማቂ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይመቱና፣ በክር በታሰረ የበሶብላ ቅርንጫፍ ጎድኑን ይቀቡታል። ይቀባል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይቀባል። «ማር ችኩል ነው፣ እሳቱ ካልተረጋጋ ያርራል» ይሉ ነበር።

እኛ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ሽታውን እጠጣዋለሁ። ሌላ ምን ልበላችሁ! አባ ሰይድ ታዲያ ያዩኛል። እማ ዘሃራን ጠርተው ማር የተቀባ ዳቦ ይልኩልኛል፤ ሥጋ ግን ጭራሽ። አንድ ጊዜ እናቴን አንዲት ብቻ ብቀምስ ምን አለበት ብዬ ጠየቅኳት። አልተቆጣችኝም። አባ ሰይድ ራሳቸው እንደማይሰጡኝ፣ ቢሰጡኝ ኖሮ ከሳቸው ግቢ አንዲት ቀን እንደማታድር ነገረችኝ። ያኔ አልገባኝም። የማይሰጡ ሰው እንዴት ይወደዳሉ? ዳቦዬን እየነከስኩ ጎድኑን በአፍንጫዬ ስበላ ነው ያደግኩት።

አስር ዓመት ሳይሞላኝ እናቴን ወባ ያዛት። ቆላ ነውና ወባ በየዓመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ የዚያ ዓመቱ ግን ይዟት ሄደ። ወልዲያ ያደረሷት አባ ሰይድ ነበሩ፣ ሬሳዋንም ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ። የቀብሯ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መጥተው ጥምጥማቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ዓይኔ የሚፈልገው እሳቸውን ነበር። ማታ እማ ዘሃራ አቅፈው አስተኙኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ሲያባብሉኝ እሳቸው ከኔ በላይ ያለቅሱ ነበር።

በአርባው ተዝካር የአባቴ ወንድም አጎቴ አያሌው ከደጋው ወረደ። ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ፣ ወፍራም ጋቢ የለበሰ፣ የቆቦ ሙቀት ያዋከበው ሰው። ላቡን እየጠረገ ሊወስደኝ እንደመጣ ነገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አሁን በደንብ አውቃለሁ። የሞተ ወንድሙን ልጅ ባዕድ ቤት ጥሎ መሄድ ውርደት ሆኖበት ነው። እኔ ግን ደጋ ማለት ብርድ፣ የማላውቀው ቤት፣ የእናቴ መቃብር የሌለበት አገር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መቃብሯ ላይ ውሃ አፈሳለሁ፣ የተከልኩላት እሬት አለ። እሱን ማን ያጠጣልኛል? የዚያን ሳምንት ሐሳቤ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ከቆቦ እንዳልሄድ።

አባ ሰይድ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ሰበሰቡ። የእናቴ የነፍስ አባት ቄስ ሞላም መጡ። አባ ሰይድ ቆመው፣ ልጅቷን ጡት ልጣባትና ልጄ ትሁን ሲሉ ጠየቁ። ይህ በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው። ሰው የሌላውን ልጅ ልጁ ሊያደርግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ የጡት አባትና የጡት ልጅ ናቸው፣ ሞት ነው የሚለያቸው። ሃይማኖትም አያግደውም፤ እስላሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ እስላሙን ይጣባል። ግን የዘመድ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔን የሚመለከተው ዘመድ ደግሞ አጎቴ ነበር።

አጎቴ እምቢ አለ። በጨዋ ደንብ ነው እምቢ ያለው፤ ጋቢውን አስተካክሎ፣ አባ ሰይድን ስላደረጉት ሁሉ አመስግኖ። ከዚያ ግን የሚያስፈራውን ሳይደብቅ ተናገረ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎን አልጠረጠርኩም። ልጅ ናት። ዛሬ ስትበሉ ስታይ ትጎመጃለች፣ ነገ ትቀምሳለች፣ ከነገ ወዲያ ማተቧን ትበጥሳለች። እኔ ደግሞ ለወንድሜ ነፍስ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

እውነቱን ነበራ! እኔስ ስንት ዓመት በአፍንጫዬ ስበላ አልኖርኩም? አባ ሰይድ ክርክር አልጀመሩም። እንግዳ ከቤቴ በሽሮ አልሸኝም፣ ሐሙስን ውላችሁ ሂዱ፣ ሌላ የምላችሁ የለም አሉ። አጎቴም ይህን እምቢ ማለት አልቻለም። ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንደምንሄድ ግን አስረግጦ ነገራቸው። እማ ዘሃራ የዚያን ቀን ልብሴን አጥበው አሰጡት። ገመዱ ላይ ቀሚሶቼ ሲወዛወዙ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ሐሙስ ዕለት አባ ሰይድ ከገበያ አንድ ሙክት፣ አንድ አዲስ ድስት፣ አንድ አዲስ የሽቦ ፍርግርግና አንድ አዲስ ቢላ ይዘው መጡ። ሁሉንም አጎቴ ፊት አስቀመጡ። የእሳቸው ቤት ዕቃ የእሳቸውን ሥጋ ስለነካ የእኛን እንዳይነካ ነው። እማ ዘሃራ ከስፌታቸው ቀይ ክር መዝዘው ቢላው እጀታ ላይ ጠመጠሙ፣ ድስቱ ጆሮ ላይም አሰሩ። ከሌላው እንዳይቀላቀል። ዓርብ ለምትሄድ ልጅ ይህ ሁሉ ምልክት ለምን እንዳስፈለገ ማንም አልጠየቃቸውም። አባ ሰይድ ቢላውን ለአጎቴ ሰጡትና ራሳቸው ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። አጎቴ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ አረደው።

ከዚያ የሆነውን አጎቴ አልጠበቀም ነበር። አባ ሰይድ እጅጌያቸውን ሰብስበው ግራሩ ስር ቁጭ አሉ። አጎቴ ምነው እኛው እንሥራው እንጂ ቢል፣ የእሷን እናት ዳቦ ስንት ዓመት በልቻለሁ፣ ለእሷ ደግሞ አንድ ቀን ላብስልላት አሉ። አጎቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ዓይኑን ከእጃቸው አልነቀለም። ቄስ ሞላና ሽማግሌዎቹም በጥላው ዙሪያ ተቀመጡ። ድስቱ ታሸገ፣ ፈላ። የዝንጅብሉና የሽንኩርቱ እንፋሎት በሊጡ ስንጥቅ እየሾለከ ግቢውን ሞላው። እኔ ከአባ ሰይድ ጎን ተንበርክኬ ፍሙን አራግባለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሽታ የእኔ ነበር፤ ልበላው የምችለው ሥጋ ሽታ። ነገ ግን ዓርብ ነበር።

ማሩን ሲመቱ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ። ችግር የለውም፣ ማር ነው፣ ሥጋ ገና አልነካውም። ትንሽ ሎሚ ጨመሩ። እንደገና ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎድኑን ፍርግርጉ ላይ አጋድመው መቀባት ጀመሩ። በሶብላው ማሩ ውስጥ ይገባል፣ ሥጋው ላይ ይሄዳል፣ ተመልሶ ማሩ ውስጥ ይገባል። ጎድኑ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ማሩ ፈልቶ ጠርዙ ላይ ጥቁር ቡኒ አረፋ ሠራ። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱማ ምራቁን ሲውጥ ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ አባ ሰይድ ሥራ ላይ ሲሆኑ ሰው አይታያቸውም። ማሩ ወፈረባቸው መሰል፣ በሶብላውን አስቀመጡና እንደ ቅድሙ አውራ ጣታቸውን ሳህኑ ውስጥ ነከሩ። ወደ አፋቸው ወሰዱት።

ማሩ ግን የቅድሙ ማር አልነበረም። በሶብላው ስንቴ ሥጋችን ላይ ደርሶ ተመልሶበታል። የሥጋው ቅባት ማሩ ላይ ተንሳፍፎ ያብረቀርቃል። ዕድሜ ልካቸውን ያልነኩትን፣ በገዛ ግቢያቸው፣ በሽማግሌዎቻቸው ፊት ሊቀምሱት ነው። እጄ ከኔ ቀድሞ ሄደ። ሁለት እጄን አንጓቸው ላይ ጠምጥሜ ያዝኳቸው።

«አባ! ሥጋችን ነክቶታል!»

ጣታቸው ከከንፈራቸው ስንዝር ሳይርቅ ቆመ። አዩት። «አስተግፊሩላህ» አሉ። እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ ነው፣ ማሩ ከአውራ ጣታቸው ወደ ነጭ ሽርጣቸው ሊንጠባጠብ ነው። እኔም ልጅ አይደለሁ? እንዳይንጠባጠብባቸው ብዬ ጣታቸውን አፌ ውስጥ ከተትኩት። ማሩ ሞቃት ነበር። ከጣፋጩ በስተጀርባ ድልሁ፣ ከድልሁ በስተጀርባ የሥጋው ቅባት መጣ። ያን ሁሉ ዓመት በአፍንጫዬ ብቻ የማውቀው ነገር ምላሴ ላይ ደረሰ። የሚቀረው ነገር እንዳለም ወዲያው ታወቀኝ።

«ጨው ይቀረዋል» አልኳቸው።

ምን እንዳደረግኩ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የአባ ሰይድ ዓይን በእንባ ሞልቶ ነበር። እማ ዘሃራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። ቄስ ሞላ ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡና ወደ አጎቴ ዞሩ።

«አያሌው፣ ልጅቱ ተጣባች እኮ።»

አጎቴ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዢ ብሎ ያዘዘኝ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ማንም እንዳላዘዘኝ ነገርኩት። ታዲያ ለምን ያዝሻቸው አለኝ። ጥያቄው ግራ ገባኝ፤ ይህ ደግሞ ምን ይጠየቃል? እሳቸው የእኔን ስለሚጠብቁልኝ ነዋ፣ በአረፋ ሥጋ ሰጥተውኝ አያውቁም አልኩት። እዚያው እያየሁት ፊቱ ተለወጠ። ያ ሁሉ የመንገድ ድካም፣ ያ ሁሉ ሙቀት፣ ከወንድሙ ሞት ጀምሮ ተሸክሞት የኖረው ነገር አንድ ላይ ወጣበትና ትልቁ ሰውዬ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ተነሥቶ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ነካ፣ ከዚያ እጄን አንሥቶ አባ ሰይድ እጅ ላይ አኖረው። «አደራ» አለ። አባ ሰይድም «የአላህ አደራ ነው» አሉ። ጎድኑ ጨው ተጨምሮለት ቀረበ። አባ ሰይድ እንግዶቻቸውን ሲያስተናግዱ አንዲት አጥንት ሳይነኩ፣ ከዳር ቁጭ ብለው እማ ዘሃራ ያመጡላቸውን ቂጣ በሉ። ዓርብ ጠዋት አጎቴ ብቻውን ሄደ። እኔም ቅዳሜ የእናቴን እሬት አጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ በየፋሲካውና በየገናው ቀይ ክር ያለበት ድስት ይወርዳል። ክርስቲያን ጎረቤት ያርድልኛል፣ አባ ሰይድ ያበስሉልኛል። በሶብላው ሥጋውን ከነካ በኋላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ያደርጉና «ቅመሺልኝ ትርንጎዬ» ይላሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትልቅ ባለሙያ መስዬ፣ ጨው ነው፣ ሎሚ ነው፣ ማሩ በዛ እላለሁ። ያልኩትን ያደርጋሉ። አንዳንድ የራሳቸው ሰዎች የክርስቲያን ሥጋ በግቢህ ምን ያደርጋል ብለው ይወቅሷቸው እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ድስቱ የእሷ ነው ብቻ ይሉ ነበር አሉ። ቀለም ስቆጥር ደብተር የገዙልኝ፣ ነርስ ሆኜ ወልዲያ ስመደብ መኪና ድረስ የሸኙኝ፣ ሠርጌን በቤተ ክርስቲያን ስፈጽም ከአጎቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የመረቁኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው አረፋ ወደ ቆቦ ወረድኩ። እማ ዘሃራ ካረፉ ሰነባብተዋል፣ አላህ ይርሃማቸው። አባ ሰይድ አሉ፤ መኖራቸው ግን ብዙ አይደለም። ሰው መለየት ትተዋል። ልጃቸው ሁሴን በሩ ላይ ተቀብሎኝ፣ ምግብ ከተዉ ቀናት እንዳለፉ፣ ማንኪያ ሲቀርብ አፋቸውን እንደሚገጥሙ ነገረኝ። ገብቼ እጃቸውን ሳምኩ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የእርስዎ አልኳቸው። በትህትና ሳቅ አሉ፤ እንግዳ ሰው ሲቀልድባቸው የሚስቁትን ሳቅ። በሙያዬ ስንት እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቻለሁ፣ ቤተሰቡንም አጽናናለሁ። የራስ ሲሆን ግን የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

ሁሴን አርዶ ነበር። ጎድኑን እኔ ላብስል አልኩት። ቀይ ክር ያለበት ቢላ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም፣ ይህ የእነሱ ሥጋ ነው። በእነሱ ቢላ፣ በእነሱ ድስት ሠራሁ። የድሮው ግራር ተቆርጧል፤ ቦታው ላይ አሁን የሲሚንቶ ወለል አለ። ከሰሉም የድሮው አይደለም፣ ማሩንም ዛሬ ስኳር ይሁን ማር ሻጩ ያውቃል። ከጎብዬ እስከ ዋጃ የመንገዱን ዳር የያዙት ምግብ ቤቶች የማን ሥጋ እንደሆነ በትልቁ ጽፈው ይለጥፋሉ፤ ጥሩ ነው፣ ሰው አይሳሳትም። እኛ ጽሑፍ አልነበረንም። የሚጠብቅልን ሰው ነበረን። ይህን እያሰብኩ አባ ሰይድን ደግፌ ከፍሙ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። እቀባለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ እቀባለሁ። ዓይናቸው እጄን ይከተላል፣ ምን እንደሚያዩ ግን አላውቅም።

ማሩ ወፈረብኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩና ሳላስበው ወደ አፌ ወሰድኩት።

አንድ ቀጭን እጅ አንጓዬን ያዘው። ጉልበት የለውም፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ቀሏል፣ ግን አጥብቆ ይዞኛል። አባ ሰይድ ከበርጩማው ላይ ወደ ፊት አዘንብለው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ያያሉ።

«ተይ ልጄ» አሉኝ፣ «እሱ የኛ ነው። አንቺ አትበይውም።»

ሁሴን ከበሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ስሜን አያውቁትም። ፊቴን አያውቁትም። ከአጎቴ የተቀበሉት አደራ ግን የት እንዳለ ያውቁታል። እንባዬ ፍሙ ላይ እስኪንጠባጠብ አለቀስኩ። ከዚያ ማር የነካውን አውራ ጣቴን ወደ እሳቸው ዘረጋሁ።

«እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱልኝ፣ አባ።»

ለቀናት የተገጠመው አፋቸው ተከፈተ። ጥርስ በሌለው ድዳቸው ጣቴን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው ጠቡት። ፍሙ ይንጣጣል፣ ከመስጊዱ የቀትሩ የዝሁር አዛን ይሰማል። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ጨው ይቀረዋል» አሉ።

ተነሥቼ ጨው ጨመርኩ። አንዲት ጎድን ከአጥንቷ አላቅቄ በትንሽ በትንሹ አጎረስኳቸው፣ በሉም። እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ዳቦ በማር በላሁ።